የመለስኩት ገብስ

አባቴን ተዝካር እንዳይደግሱ ያሳመንኋቸው እኔ ነኝ። ቀላል አልነበረም። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ተዝካር ሲባርኩ ኖረው የገዛ ልጃቸው አርባ ያለ ድግስ ይለፍ ስላቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ፍትሐቱም ቅዳሴውም ይሁን፣ ለድግሱ የሚወጣው ግን በእህቴ ስም ለሚቋቋም የመታሰቢያ ፈንድ ይዋል ነው ያልኩት። «ፈንድ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

እህቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። የምትሠራው አባቴ ከሚያገለግሉበት ደብር በታች፣ እስቴ ወረዳ ከስማዳ ጋር በሚዋሰንበት በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ነበር። ግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ የሚባል ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለ፤ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪመጣ የሚቆዩበት። ቤቱ አለ፣ አልጋው አለ፤ የሚበላ የለም። ሴቶቹ የያዙት ስንቅ ያልቃል፣ ሁለት ቀን ይታገሣሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው። እህቴ በደወለች ቁጥር የምታወራኝ ይህንኑ ነበር። «እኔ ማዋለድ እችላለሁ፤ የሄደችን ሴት ግን እንዴት አድርጌ ላዋልድ?» ትለኛለች። ከዚያ ጉበቷን ታመመች፣ ባሕር ዳር ወስደን መለስናት፣ ሞተች። ስለ ሞቷ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ያናድደኛል።

ፈንዱ እንግዲህ ለማቆያው ስንቅ ነበር። ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ማገዶ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ መምህርት ነኝ፤ ነገር በሥርዓቱ ሲሆን ደስ ይለኛል። ከዘመድ አዝማድ ኮሚቴ አቋቋምን። የመጀመሪያው ስብሰባ ማን ሰብሳቢ ይሁን በሚል አለቀ፣ ሁለተኛው በባነር። የአጎቴ ልጅ የእህቴ ፎቶ በምርቃት ጋዋን ይሁን ሲል አክስቴ ደግሞ በሐበሻ ቀሚስ ካልሆነ ብላ አለቀሰች። በሦስተኛው ከእኔና ከአጎቴ ልጅ በቀር የመጣ የለም። ፈንዱን ላስፈቅድ ወረዳው ቢሮ ስሄድ ደንብ አምጪ አሉኝ፤ ደንብ ጻፍኩ። ማህተም ያስፈልጋል አሉ፤ ማህተሙ እንዲቀረጽ ደብዳቤ፣ ደብዳቤው እንዲጻፍ ደግሞ ማህተም ያረፈበት ማመልከቻ። ማህተም ለማግኘት ማህተም! ጸሐፊዋ ፊት ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

በዚህ መሀል ሰው እህል ይዞ መምጣት ጀመረ። በእኛ አገር ተዝካር ባዶ እጅ አይኬድም። አባቴ ለሁሉም ደርሰዋል፣ እህቴ ደግሞ የስንቱን ልጅ በእጇ ተቀብላለች፤ ድግስ የለም ሲባሉ ለአርባው ያሰናዱት እጃቸው ላይ ቀረ። ስለዚህ በገበያ ቀን በአህያ ጭነው እኔ ደጅ ድረስ መጡ። አንዱ ገብስ፣ አንዷ የተከካ ባቄላ፣ አንድ ሽማግሌማ ሙክት እየጎተቱ። እኔ የቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ «እህል አንቀበልም፤ ፈንዱ ሲፈቀድ በባንክ ታስገባላችሁ» እላለሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ በእህቷ ሞት ጎተራዋን ሞላች እንዳልባል። ከጤና ጣቢያው አካባቢ የመጡ አንዲት እናት ቁና የማይሞላ ገብስ በስልቻ ይዘው፣ «ለማቆያው አይደል እንዴ? ለገንፎ ይሆናል» አሉኝ። «ገብቶኛል እናቴ፣ ግን አሠራር አለው» አልኳቸው። አሠራር! ይህን ቃል ዛሬ ስሰማው አፌን መጉመጥመጥ ያምረኛል። ስልቻቸውን አዝለው ያን ሁሉ መንገድ ተመለሱ።

በነጋታው አባቴ ደወሉ።

«እህል መለሰች ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

«አባየ፣ ደንብ አለው።»

«እህል መልሱ የሚል ደንብ ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። አባቴ ስልክ መዝጋት አይችሉም ነበር፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚዘጋላቸው።

ማህተሙ ሳይደርስ ክረምት ገባ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በእህቴ ቦታ የተተካችው አዋላጅ ደወለችልኝ። ማቆያው ውስጥ ከወንዝ ማዶ የመጣች፣ ቀኗ የደረሰ ሴት ነበረች። ስንቋ አለቀ። ሁለት ቀን ሠራተኞቹ ከምሳቸው እያካፈሏት ቆየች፣ በሦስተኛው ቀን አፍራ ሄደች። ወንዙን ሳትሻገር ምጡ ያዛት። እሷ በቃሬዛ ተመልሳ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። አዋላጇ ልትወቅሰኝ አልነበረም የደወለችው፤ ፈንዱ መቼ እንደሚጀምር ልትጠይቀኝ ነው።

በኮሚቴው ተናደድኩ። በቢሮው፣ በጸሐፊዋ፣ በባነሩ፣ በጋዋኑም በሐበሻ ቀሚሱም ተናደድኩ። የምናደድበት ሁሉ ሲያልቅብኝ የቀረው ያ ስልቻ ነው። እሱን የመለሰ ቢሮ የለም፤ እኔ ነኝ።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ «አባየ፣ ተዝካሩን ይደግሱ» አልኳቸው።

«የት?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እዚያው ማቆያው ግቢ። የሚበላው ይበላ፣ የተረፈው እህል ለሴቶቹ ይቅር።»

«እኔም በክረምቱ እንዲሁ አስቤ ነበር» አሉ። «ማህተም ይምጣ ትያለሽ ብዬ ነው የተውኩት።»

ሰው እንደ ጉድ መጣ። ካህናቱ ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ ነፍሰ ጡሮቹ ከእነሱ ጎን ተቀምጠው በሉ። ይህም ያልተዋጠለት አልጠፋም፤ አባቴ አንዴ ዞር ብለው ሲያዩት ወደ እንጀራው አቀረቀረ። እኔ የማቆያው በር ላይ ቆሜ የሚመጣውን እህል እየተቀበልኩ ጎታ ውስጥ እገለብጣለሁ። እኒያን ባለ ስልቻ እናት በዓይኔ ስፈልግ ዋልኩ፤ አልመጡም። አልፈርድባቸውም።

ሰዉ መመለስ ሲጀምር አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ሴት መጥታ ራቅ ብላ ቆመች። አዋላጇ በክርኗ ነካ አደረገችኝና፣ «ያችኛዋ ናት፤ ክረምት ላይ በቃሬዛ የመጣችው» አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ። ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ገብስ ቋጥራ ይዛለች።

ልነግራት ፈለግሁ። ስልቻውን፣ ደንቡን፣ ሁሉንም። እሷ ግን ቋጠሮዋን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ልመለስ ወይ በሚል ዓይን እያየችኝ ጠየቀችኝ።

«እትየ፣ በባንክ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። እህልም ትቀበላላችሁ እንዴ?»