ስለ ኮከብ ጋዝ ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው

ዛሬ ረፋድ ሰመራ፣ ከተከራየኋት ክፍል ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን በኢንተርኔት ዲፌንድ አደረግኩ። አለፍኩ!

ፈታኞቼ "እንኳን ደስ ያለህ" ብለው ወጡ። ክፍሏ ጭር አለች።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለችው እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው።

ዘወትር ብቻዬን የምበላበት ምሳ ቤት ሄጄ ለቤቱ ባለቤት ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው።

"ስለ ምን አጠናህ?"

"ኮከቦች በብዛት ሲወለዱ ጋዙን ገፍተው ከጋላክሲያቸው ስለማስወጣታቸው።"

"እኛ ጋዝ አጥተን እንሰለፋለን፣ እነሱ ያባርሩታል?" (ይህን ፈታኞቼም አልጠየቁኝ።)

"ይመለሳል ግን?" ብለው ጠየቁኝ።

"ከፊሉ ይመለሳል። ከፊሉ እንደወጣ ይቀራል።"

ከዚያ የራሳቸውን ምሳ ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። "ማሻአላህ! ዛሬስ ብቻህን አትበላም" አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ግን ወደ ክፍሌ ተመልሼ፣ ብቻዬን ሆኜ ነው። እናንተስ፣ ደስታችሁን የምትነግሩት ሰው ያጣችሁበት ቀን ነበር? ለማን ነገራችሁ?