በድሬዳዋ ደጃፍ የተፈታ አንገት

ሰኞ፣ መንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በተያዘ አንገት ነው። የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ መተየብ ሲያቅተኝ አለቃዬ የዐሥር ቀን ፈቃድ ሰጡኝና፣ «ካልዳንሽ መዝገብ ቤት ትዛወሪያለሽ» አሉኝ። ከመኪናዬ መለየት ለእኔ ሞት ነው። ሐኪሙ «ጡንቻ ነው፣ ይለቅሻል» ቢለኝም አላመንኩትም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ተቀብዬ፣ አንገቴን በፎጣ ጠምጥሜ፣ እህቴ አልማዝ ወዳለችበት ድሬዳዋ በባቡር ተሳፈርኩ።

ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ቀረበልን፤ ስድስቱ በአንድ ብር። ለመክፈል መላ ሰውነቴን እንደ ቁምሣጥን ሳዞር ሻጯ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ማክሰኞ፣ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር

እህቴ ወጌሻ ልትጠራ ስትነሣ ጎረቤቷ አዴ ፋጡማ ገባች። ስድሳን አልፋም የጨርቅ ጥቅል በጭንቅላቷ ተሸክማ ትነግዳለች፤ አንገቷ ቀጥ ያለ ነው። «እንደምን ዋሉ?» ስላት ቆጣ አለች።

«አቦ፣ አንቺ በይኝ! ድሬ ውስጥ አንቱ የለም። ወድቀሻል? እጅሽ ይደነዝዛል? ትኩሳትስ?»

«ምንም የለም።»

«ቢኖርማ፣ ወላሂ፣ ሆስፒታል ነበር የምወስድሽ። አልማዝ፣ ወጌሻውን ተዪው፤ አንገት አይጎተትም። አንቺም ይሄን ፎጣ ፍቺው።»

ከደረቁ ደቻቱ የተነፋ አሸዋ ቆርቆሮ ላይ በፀሐይ አሙቃ፣ በከረጢት ቋጥራ፣ ሙቀቱን መጀመሪያ በራሷ ክንድ ለክታ ትከሻዬ ላይ አኖረችው። ደስ አለኝ። ከዚያ «ተኚ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ደጃፉን ውኃ ረጨችና ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

ፀሐይ ሲበርድ ድሬ ሁሉ ደጃፍ ይወጣል፤ አላፊውም ሰላም ሳይል አያልፍም። ከቀኝ «ሰላም ነው?»፣ ከግራ በሶማሊኛ «ነበድ!» ይላሉ። እኔ ፊት ለፊት እያየሁ መለስኩ።

«ሰውን ሳታዪ ትመልሻለሽ? ኮራች ይሉሻል» አለች አዴ ፋጡማ። «የቻልሽውን ያህል ዙሪ፤ ካመመሽ ተዪው።»

ይሉኝታዬ ከሕመሜ በለጠ። በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ ዞርኩ።

ቅዳሜ

አንዱ ከበስተግራዬ «እንግዳዋ፣ እንዴት አመሸሽ?» አለኝ። «ደህና!» ብዬ መለስኩለት። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ለካስ አንገቴን ብቻ አዙሬ ነበር። እህቴ እልል አለች፤ እኔ አለቀስኩ። የሠፈሩን ሰላምታ መድኃኒት ያደረገች ሰው አይቼ አላውቅም፤ አዴ ፋጡማን በጣም ወደድኳት።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

አለቃዬ ሃያ ገጽ ሪፖርት አምጥተው «እስከ ምሳ» አሉኝ። ጽሑፉን በሁለት መዝገብ ደግፌ ከዓይኔ ትክክል አደረግሁት፤ በየጥቂቱ እየተነሣሁ ትከሻዬን አፍታታሁ። ከምሳ በፊት ጨርሼ ሳስረክብ የተፈረመበትን የዝውውር ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥተው ቀደዱት።

አንገት የሚድነው አስሮ በማስቀመጥ ይመስለኝ ነበር፤ ጉዞው ያስተማረኝ ግን ተቃራኒውን ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ በእኛ ሠፈር ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያልፈው፤ ሰላም ማለትም ያስፈራ ነበር። ያን ማታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላነጋግራቸው የኖርኩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ከኋላዬ ሲመጡ ዞር ብዬ «እንደምን አመሹ?» አልኳቸው። ደነገጡ፤ ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና፣ «አንቺስ ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» አሉኝ።