ለአንድ ካባ አራዳን የዞርኩበት ቀን

ንጋት፣ እንጦጦ

ዶሮ ሳይጮህ በቅሎ ላይ ወጣሁ። እኔ ካባ ላይ የክር ጥልፍ የምጠልፍ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ ማታ ለወይዘሮ አጸደ የፋሲካ ካባቸውን ንድፍ ካላሳየሁ፣ ሥራው ለታች ሰፈሩ ጠላፊ ይሄዳል። ያ ሰውዬ ከወይን ሐረግ ሌላ መጥለፍ አያውቅም፤ ሰው ግን ይወደዋል፤ ምን ይደረግ። እኔ ደግሞ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጬ ሰነበትኩ። እቤት ተቀምጦ ንድፍ አይመጣም ብዬ ተነሣሁ።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አልፈውን ሄዱ።

«ይህች በቅሎህ ተኝታ ነው እንዴ የምትሄደው?» አልኩት ነጂዬን ኦልጅራን። ተቀየመ።

ረፋድ፣ ጊዮርጊስ

አንገቴ እስኪደነዝዝ ሥዕሎቹን አየሁ። የቅዱሱ ፈረስ ነጭ፣ ዙሪያው ቢጫ፣ ኮርቻው ብቻ ቀይ። ቀዩ ትንሽ ነው፤ ዓይን ግን ከእሱ አይነሣም። እኔ ሞኙ ካባውን ሁሉ በቀይ ስሞላ ኖሬአለሁ።

አንድ ሽማግሌ ደብተራ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ልትሳለም መጣህ ወይስ ልትሰርቅ?»

«ሁለቱንም፣ አባቴ።»

ሳቁና መረቁኝ።

ቀትር፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ

ከግሪኩ ሱቅ የገዛነውን ዳቦ እየገመጥን ስንሄድ፣ አንድ አዲስ ቤት አስቆመኝ። ሰገነቱን ሕንድ አናጢ ጠርቦታል፤ እንጨቱ እንደ ዳንቴል ተበስቷል፤ ቀጫጭኖቹ ምሰሶዎች ጣራውን ያለ ድካም ይዘውታል። ያኔ ገባኝ፤ ለካ ካባም ሰው የሚገባበት ቤት ነው። ትከሻው ጣራ፣ ጠርዙ ክፈፍ፣ ከፊት የሚወርደው ጥልፍ ምሰሶ። ቀዩን ከጊዮርጊስ አመጣሁና አንገትጌው ላይ ብቻ አሳረፍኩት። መንገድ ዳር ተቀምጬ እያፏጨሁ ሳልኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኦልጅራ ወረቀቱን አየ፣ ቤቱን አየ፣ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«ይህንኑ ነው ለወይዘሮ አጸደ የምታሳየው?»

«ምን አለው?»

«ኧረ ምንም። ግሩም ነው።»

ለካ የበቅሎዋን ነገር ቂም ይዞብኛል።

ሲመሽ፣ ከወይዘሮ አጸደ ዘንድ

ወረቀቱን ወደ ፋኖሱ አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ይህን ሰገነት የት አየኸው?»

«ከድልድዩ ማዶ፣ እመቤቴ። አዲስ ቤት ነው።»

«ባለቤቴ ለውሽማው የሠራላት ቤት ነው።»

ለካ ኦልጅራ አፉን በጋቢው የሸፈነው ይህን አውቆ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሥራው አመለጠኝ፤ የታች ሰፈሩ ሰውዬ ወይኑን ይጥለፍ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አላወቅሁም። አሁኑኑ እቀደዋለሁ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከንፈራቸው ግን ሳቅ ይዟል። «ለፋሲካ አድርስልኝ። እሱ ከዚያ ቤት አልወጣም ካለ፣ እኔ ቤቱን ለብሼ ከጎኑ እቀመጣለሁ።»