ውሃው የማን ነው

ሴትየዋ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ብቅ ስትል ጠራዡ ከአረማመዷ አወቃት። ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ባረመች ቁጥር ቀለሙን በሹራቧ እጅጌ ስለምትጠርግ ጫፉ ቀልቷል። ያንኑ የምርምር ጽሑፏን ልታስጠርዝ ስትመጣ በዚህ ወር አራተኛ ጊዜዋ ነው።

«ደግሞ ምን ተገኘ?» አላት።

«ጠፋ እንጂ ምን ይገኛል!» አለች ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግፋ። «ምድርን የምታክል ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ፣ በአየሯ ሾልኮ የሚመጣውን ብርሃን ሦስት ዓመት መረመርኩ። የውሃ እንፋሎት አየሁ ብዬ ነበር። ለካ የኮከቡም ሊሆን ይችላል!»

«ኮከብ እሳት አይደለም እንዴ? ውሃ ከየት ያመጣል?»

«ይኼኛው ፊቱን ማድያት ወርሶታል። ጥቁር ነጠብጣቦቹ ቀዝቀዝ ስለሚሉ እንፋሎት ይይዛሉ። የሱን ከፕላኔቷ መለየት አቃተኝ። ማድያቱ ደግሞ ባየሁት ቁጥር ይለዋወጣል፤ ሊያሳብደኝ ነው!»

ጠራዡ ሳቁን ዋጥ አድርጎ የመጀመሪያውን ገጽ አነሳ። «ርዕሱስ እህቴ? ‹ውሃ ተገኘ› ይላል። እንዳለ ይሁን?»

ስልኳ ጠራ። ድምጿ ወዲያው ለሰለሰ።

«አባዬ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?... አይ፣ ገና ነው።» ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች። «አውቃለሁ፣ ከማለፍህ በፊት ውሃው መገኘቱን መስማት ትፈልጋለህ። ግን አልዋሽህም። ትንሽ ጠብቀኝ፣ እሺ?»

ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«‹ተገኘ› የሚለውን አውጣልኝ» አለችው።