የሰው ተስፋ ጸሐፊው አድማሴ

ወረታ ላይ ንግድ የሚጀምር ሰው ሐሳቡን መጀመሪያ ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ ቀጥሎ ለአድማሴ። ሚስቱ የምትሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

አድማሴ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ጠባብ ሱቁ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ መደዳ ጫፍ ላይ ናት። ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ የገለባው ብናኝ ሰውንም፣ አህያውንም፣ ባጃጁንም አንድ መልክ ያለብሰዋል። እሱ በዚያ ብናኝ መሐል ቁጭ ብሎ ብሩሹን ነክሮ «ታከለ ሆቴል» ብሎ ሲጽፍ፣ መሠረቱ እንኳ ያልወጣው ሆቴል ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። መብራቱ ይበራል፣ ከጎንደር የሚወርደው አውቶቡስ በር ላይ ይቆማል፣ ሙሽሮች ደረጃው ላይ ፎቶ ይነሣሉ። ባለቤቱ ያላሰበውን ሰገነት አድማሴ ያስብለታል።

«እላይ ቁጭ ብለው እስከ ጣና ድረስ ሜዳውን ያዩታል» ይለዋል።

ታከለ ወደ ሱቁ ሲገባ ስለ ብሎኬት ዋጋ እያማረረ ነበር፤ ሲወጣ ግን ሰገነቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር። አድማሴ እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ነው ያለው፤ አይካድም።

የሚጽፍበት መደብ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። በክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ሲተኛ ሰማዩ መሬት ላይ ይወርዳል፤ ከብቶቹ በደመና ውስጥ የሚሄዱ ይመስላሉ። አድማሴ ያን ጊዜ ሥራውን ጥሎ ከከተማው ዳር ቆሞ ያያል። አንዱ «ቀይ አድርግልኝ» ቢለው «እሺ» ይላል፤ ሰማያዊ አድርጎ ያስረክበዋል።

ከሱቁ ጓሮ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የተዘጉ ንግዶች ታፔላዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል። ካፌ ነበረ፣ የዶሮ እርባታ ነበረ፣ ፎቶ ቤት ነበረ። ባለቤቶቹ ያመጡለትና ፍቆ በላያቸው የሌላ ሰው ስም ይጽፍባቸዋል። በዚያ በኩል ሲያልፍ ለቅሶ ቤት የገባ ያህል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የእነዚያን ሰዎች ፊት አይረሳም፤ ሊያጽፉ ሲመጡ የነበረውንም፣ ታፔላውን ሊመልሱ ሲመጡ የነበረውንም።

ሚስቱ አምሳል ገበያ ላይ ቀይ ሽንኩርት ትሸጣለች። ዓይኗ ግን ከሽንኩርቱ ከተነሣ ቆይቷል። ከመፈልፈያዎቹ ጀርባ የሩዝ ገለባ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል፤ የሚወስደው ጠፍቶ እየጨሰ ይከርማል። አምሳልና ሁለት ጓደኞቿ፣ ውባንቺና ዕንቁ፣ ያን ገለባ በበርሜል አክስለው፣ ከዋልካ አፈር ጋር ለውሰው፣ በእጅ እየጠፈጠፉ ከሰል መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ የሠሩት እሳት ሲነካው ፍርስርስ አለ። ኋላ የሠሩት ግን ወጥ አበሰለ፤ ያውም ሳይጨስ።

«አንድ ታፔላ ጻፍልኝ» አለችው።

አድማሴ ሳቀ። «አንቺ ሴት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ሽንኩርትሽን ያዢ።»

በሌላ ቀን ጠየቀችው፤ ቀለም አልቋል አላት። ደግማ ጠየቀችው፤ ከበዓል በኋላ አላት። በዓሉ አለፈ። ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሰገነት የሚሠራው አድማሴ ለገዛ ሚስቱ አንዲት ቆርቆሮ ከለከለ። ንቋት አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። የእሷ ስም ፊቱን አዙሮ ጓሮ ሲቆም ሊያይ አልፈለገም። ይህን አፍ አውጥቶ ቢነግራት ኖሮ ትረዳው ነበር። ወንድ ልጅ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ፌዙን መናገር ይቀለዋል። እሷ የፈለገችው ደግሞ ታፔላውን ብቻ አልነበረም፤ ለታከለ የሚያይለትን ዓይነት ሕልም አንድ ቀን እንኳ ለእሷ እንዲያይላት ነበር።

የሩዝ አጨዳ በተጋመሰበት ሰሞን ሰገን የምትባል ወጣት ከባሕር ዳር መጣች። ነጋዴው መጪውን ዓመት እንዴት እንደሚያየው ለጥናት እየጠየቀች ነበር። ከመደዳው ባለ መፈልፈያዎች ያገኘችው መልስ አንድ ብቻ ሆነ፤ «እግዜር ያውቃል።» ሰው በእግዜር ሥራ ይገባል እንዴ! በመጨረሻ የመፈልፈያው ባለቤት የኋላሸት አዘነላትና «ኧረ ወደ አድማሴ ሂጂ፤ የሁላችንንም የሚያልመው እሱ ነው» አላት።

አድማሴም ብሩሹን አስቀምጦ ጀመረ።

«ሩዝ ደግ ነው። በሬውን የሸጠ ሁሉ ማሽን ሊተክል ያስባል፤ መብራቱ ከቆየለት። ሆቴሎቹ የመንገድ ልጆች ናቸው፤ መንገዱ ሲዘጋ ይተኛሉ፣ ሲከፈት ይነቃሉ። ጋራዥ አይሞትም፤ መንገድ እስካለ ስብራት አለ። ግንበኛው ሲሚንቶ ይጠብቃል፤ ሲመጣለት ደግሞ ታያለሽ፣ ይህ ሁሉ ፎቅ ይሆናል።» እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ። ብናኙ በከሰዓቱ ፀሐይ ወርቃማ ሆኖ ይንሳፈፍ ነበርና ሰገንም ለአፍታ ፎቁን ያየች መሰላት።

«የእርስዎ ሥራስ፣ ጋሼ?»

«የኔማ... ባሕር ዳር ላይ በማሽን የሚያትሙት ባነር መጥቷል። ርካሽ ነው። ፊደሉ ነፍስ የለውም እንጂ።»

«ከቤትዎ ሌላ ንግድ ያለው ሰው አለ?»

«የለም» አለ አድማሴ።

አምሳል ምሳውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጣቶቿ በከሰል ጠቁረዋል። ምሳውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ለእንግዳይቱ እጅ ነሣች፣ ሄደች።

ማታ ቤት ሲገባ ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። አልተቆጣችም። እራት አቀረበች፣ «ጠገብህ?» አለች፣ ተኛች። ብትሰድበው በወደደ! በዚያ ሰሞን ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቆረቆረው፤ «ሩዝ» ብሎ ሊጽፍ «የለም» ብሎ ጽፎ ደጋግሞ ፋቀ። ታፔላዋን ልጻፍላት ብሎ ተነሣ፤ ከየት ብሎ እንደሚጀምር ጠፋውና ብሩሹ በእጁ ላይ ደረቀ።

ቅዳሜ በጠዋት አምሳል ሚኒባስ ይዛ በሐሙሲት አድርጋ ባሕር ዳር ወረደች። ስትመለስ በክንዷ ሥር የተጠቀለለ ነገር ነበር። ከመፈልፈያዎቹ ጀርባ የተከራዩት መጋዘን በር ላይ ሦስቱ ሴቶች ዘረጉት። ባነር ነው። መደቡ ቢጫ፤ ፊደሉ ትልልቅ፤ «አምሳል፣ ውባንቺና ዕንቁ፤ የሩዝ ገለባ ከሰል»።

አድማሴ ከሱቁ ደጃፍ አየው። አፈረ፤ ደግሞ፣ የሚገርመው ነገር፣ ደስም አለው። መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። በዚያ ሰፈር ሌላ መሰላል አልነበረም።

«አምጪው፣ እኔ ልስቀለው» አለ።

አምሳል ጫፉን አቀበለችው። ወጣ። አንዱን ማዕዘን በምስማር መታ። ከታች ዕንቁና ውባንቺ «ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ላይ» ይሉታል። ከላይ ሆኖ ሲያይ በግቢው ላይ የተዘረጋው ከሰል በረድፍ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያ ወዲያ የገለባው ኮረብታ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው። ሳያስበው ማለም ጀመረ። የሚጫን መኪና አየ፤ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ጆንያ ላይ የታተመ ስሟን። ይህን ለታከለ ቢሆን አንድ በአንድ ይነግረው ነበር። አሁን ግን አፉን ያዘው፤ መብት ያለው አልመሰለውም።

«አምሳል» አለ መሰላሉ ላይ እንዳለ።

«አቤት።»

«ሠራተኛ ትቀጥሪያለሽ?»

አምሳል ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«የሚያምንበት ከተገኘ» አለች።

አድማሴ ቶሎ የሚመጣለትን መልስ ሁሉ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ኖሯል።

«አምንበታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ቀን ግን ዋሸሁ።»

አመነችው አላመነችው አላወቀም። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ከመሬት ሌላ ምስማር አነሣችና እጇን ዘርግታ አቀበለችው።