እናቴ ሉፕ ያስገባችበት ዓመት

የመጀመሪያው ምልክት ላብ ነበር። ኅዳር ላይ፣ የጊሼ ውርጭ ማሳውን አንጥቶ በሚያድርበት ወር፣ እናቴ አውድማው ዳር ተቀምጣ ሳለ ጋቢዋን ከትከሻዋ ጣለች። ቀጥላ ነጠላዋን ገፈፈች። ፊቷ ቀላ፤ ከአንገቷ ሥር ላብ ወረደ። ሌሎቻችን እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን ቆመናል።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እሳት መጣብኝ፤ አሁን ይሄዳል።»

እውነትም ሄደ። ጥቂት ቆይታ ጋቢዋን መልሳ ስትደርብ ግን ትንቀጠቀጥ ነበር። ምች መስሎኝ ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠኋት። አርባ ስምንት ዓመት እንደሞላት በዚያ ቀን አላሰብኩም።

ይህን የምጽፈው በዚያ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና አብረዋቸው ለሚኖሩ ነው። ሐኪም አይደለሁም። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁሜ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬአለሁ። ያየሁትን ግን በደንብ አይቻለሁ።

ላቡን አየሁት፤ ደሙን አንድ ዓመት ሙሉ ደበቀችኝ። የወር አበባዋ ሁለት ወር ይጠፋል፤ ሲመጣ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ቆመ ብላ ልብሷን አጥባ ስትዘጋጅ እንደገና ይጀምራል። አባቴ ከራቤል ወጣ ብላ ባለች አጥቢያ ቄስ ናቸው፤ ሰዉ «መምሬ» ይላቸዋል። በእኛ ዘንድ ሴት ደም እየፈሰሳት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ አትቆርብም፤ ደጅ ቆማ ታስቀድሳለች። እናቴም ከእሑድ እሑድ ደጅ ቆመች። አባቴ ቀድሰው ብቻቸውን ሲቆርቡ ሰው ያያል። ያየ ደግሞ ዝም አይልም። «ወይዘሮ አፀደና መምሬ ተኳርፈዋል መሰል» የሚል ወሬ ሱቄ ድረስ መጣ።

እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ተመልሳ መግባትና ከባሏ ጋር መቁረብ። «ይኼው ደም ይገድለኛል፤ ሳልቆርብ ነው የምሞተው» ያለችኝ መሐል ሜዳ ገበያ ልትወጣ መጥታ፣ የሱቄን ሦስት ደረጃዎች መውጣት አቅቷት የተቀመጠች ቀን ነው። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ያን ቀን ሁሉንም ነገረችኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሄሞግሎቢኗ፣ የደሟ መጠን ማለት ነው፣ ዝቅተኛ ነበር። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፉልን።

እዚያ የማኅፀን ሐኪሟ ወጣት ሴት ሆና ተገኘች። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይቺ ደግሞ መቼ ተወልዳ መቼ ተማረች?» አለችኝ። ዶክተሯ ሰምታለች፤ ሳቀችና መመርመሯን ቀጠለች። አልትራሳውንድ አየች። የማኅፀን ግድግዳ ወፍሯል። ናሙና ወሰደች። ውጤቱን እስክንሰማ ቀናት ጠበቅን። አልበላሁም። ስለ ካንሰር ከእናቴ ጋር አላወራንም። ሁለታችንም ግን ሌላ ነገር አላሰብንም።

ካንሰር አልነበረም።

«ወደ ማረጥ እየተሸጋገሩ ነው» አለቻት ዶክተሯ። «ሆርሞንዎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ላቡም ደሙም የመጣው ከዚያ ነው። ላቡን የሚያበርደው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ማኅፀን ላላት ሴት ግን ኤስትሮጅን ብቻውን አይሰጥም፤ የማኅፀንን ግድግዳ ያወፍራል፤ ሲቆይ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ግድግዳውን የሚጠብቀው ሌላ ሆርሞን አለ። እሱን በኪኒን ልሰጥዎት እችላለሁ፤ ወይም ማኅፀን ውስጥ በሚቀመጥ፣ ሆርሞን ባለው ሉፕ።»

«ሉፕማ የወላዶች ነው፤ ኪኒኑን ስጪኝ» አለች እናቴ፤ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም።

ዶክተሯ አልተጫነቻትም። የደም ግፊቷን ለካች፣ ጡቷን መረመረች፣ በእግሯ ደም ረግቶ ያውቅ እንደሆነ፣ በዘር የጡት ካንሰር ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ሁለት ዓይነት ኪኒን አዘዘች፤ ቢጫዋ ኤስትሮጅን፣ ነጯ ግድግዳውን የሚጠብቀው። እኔም አወሳሰዱን ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፦ ቢጫዋ በየቀኑ፣ ለላብ። ነጯ በወር አሥራ አራት ቀን፣ ስታልቅ ደም ይመጣል። አሳጥሬ መጻፍ እወዳለሁ። በዚያች ወረቀት ኮራሁ።

ታኅሣሥና ጥር ጥሩ ነበሩ። ላቡ ቀነሰ፣ ደሙም በሚጠበቅበት ቀን መጥቶ በአራት ቀን ሄደ። እናቴ ለትንሣኤ ከአባቴ ጋር ልትቆርብ ወሰነች። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየሳምንቱ እደውልላት ነበር።

«ኪኒንሽን እየዋጥሽ ነው?»

«እየዋጥኩ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ስፈታ።»

አልዋሸችም።

የስቅለት ዕለት አገር ቤት ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰው ሁሉ ይሰግዳል። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ትሰግዳለች። ወደቀች። ደክሟት መሰለን። አልተነሣችም። ነጠላዋ ከወገቧ በታች ቀላ። ሴቶቹ ከበቧት። አባቴ ልብሰ ተክህኖአቸውን እንደለበሱ ወጡ። አምቡላንስ ከራቤል መጣ። እጇን ያዝኩ። እጇ ይቀዘቅዝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ደም ሰጧት። ሄሞግሎቢኗ አምስት ነበር፤ ጤነኛ ሴት አሥራ ሁለት ገደማ ይኖራታል።

ትንሣኤን አልጋ ላይ ዋለች። ዶክተሯ መጥታ መድኃኒቷን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከእናቴ ቦርሳ አወጣሁት። ቢጫዎቹ ሊያልቁ ደርሰዋል። የነጮቹ ሁለት ማሸጊያ አልተነካም።

«እናቴ፣ እነዚህን ለምን ተዉአቸው?» አለቻት ዶክተሯ።

«ለትንሣኤ ልቆርብ ነበረ። እሷ ስታልቅ ደም ይመጣል ተብሏል። ታዲያ ደም የምታመጣዋን ትቼ ላቡን የምታስቆመውን ዋጥኩ።»

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ነጯ ደም አታመጣም» አለች ቀስ ብላ። «የተጠራቀመውን በልክ የምታወርደው እሷ ናት። ሁለት ወር ግድግዳው ወፈረ እንጂ አልወረደም። አሁን በአንድ ጊዜ መጣ።»

ወረቀቴ መድኃኒቱ መካከል ታጥፋ ነበር። ገልጬ አነበብኳት። ነጯ ለምን እንደምትዋጥ አንድ ቃል አልጻፍኩም። እናቴ የተሳሳተችው እኔ የጻፍኩላትን አምና ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንቺማ ቃል ትቆጥቢያለሽ» አለችኝ።

ናሙና እንደገና ተወሰደ፤ አሁንም ክፉ ነገር አልተገኘም። ምርጫውም እንደገና ቀረበ። ዶክተሯ ሁለቱንም መንገዶች እኩል አስረዳች። ነጯ ኪኒን በየወሩ ሳትዘለል ከተዋጠች ትሠራለች፤ ደሙ ግን በየወሩ ይመጣል። ሉፑ ማኅፀኑ ውስጥ ሆርሞኑን ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ አምስት ዓመት ግድግዳውን ይጠብቃል፤ ደሙንም ይቀንሳል። ኤስትሮጅኗ በአፍ ትቀጥላለች። የሉፑ አስቸጋሪ ጊዜ መጀመሪያው ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቀኑ የማይታወቅ ነጠብጣብ አለ።

«ነጠብጣብም ለእኛ ያው ደም ነው» አለች እናቴ። «ከስድስት ወር በኋላስ?»

«ብዙዎቹ ሴቶች ደሙ በጣም ይቀንስላቸዋል ወይም ጭራሽ ይቀራል። ለእርስዎ እንደዚያ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

በማግስቱ አባቴ መጡ። ዶክተሯን አክብረው ቆመው ነው የጠየቋት። «ልጄ፣ ይህ ነገር መውለድ የሚከለክለው አይደለም እንዴ?»

«ያንንም ያደርጋል፣ አባ። እኔ የማዝላቸው ግን ደሙን እንዲቀንስና ማኅፀናቸውን እንዲጠብቅ ነው።»

አባቴ ጺማቸውን ያዙ። እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች።

«ምነው መምሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሣራን ልሆንልዎ ኖሯል?»

ጎን ያለችው ታማሚ ሳቋ አመለጣት። አባቴም ሳቁ። «እኔ ይስሐቅን አልጠየቅሁሽ፤ አንቺ ትኑሪልኝ» አሉ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ዶክተሯን ሁለት ነገር ጠየቀች። ባይስማማኝ ይወጣል ወይ? በፈለጉ ቀን ይወጣል። ስሰግድ ይወጋኛል ወይ? አይወጋም። «እንግዲያው አስገቢልኝ» አለች። «ደጅ መቆም እንደሆን ለምጄዋለሁ።»

ሉፑ የገባው ደሙ ቆሞ፣ አቅሟ ትንሽ ሲመለስ፣ ግንቦት ላይ ነው። አስቀድሞ ሕመም ማስታገሻ ዋጠች። ቁርጠት ነበረው፤ ብዙም አልቆየ። «ከምጥ ያንሳል፤ ከመርፌ ይብሳል» ብላ ፍርዷን ሰጠች።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር። ሰኔንና ሐምሌን ነጠብጣቡ ሲመጣ ሲሄድ፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ደርቆ አራተኛው ቀን ላይ ሲያሳዝናት ከረመች፤ እኔም በየእሑዱ ስደውል መጀመሪያ ጤንነቷን፣ ቀጥዬ የቆመችበትን ቦታ እጠይቃት ነበር። ፍልሰታን ደጅ ቆማ ስትጨርስ «ይኼ ነገር አልያዘም፣ ይውጣልኝ ይሆን?» አለችኝ፤ ዶክተሯ ጋ ስንሄድ ግን ሉፑ በቦታው መሆኑን በአልትራሳውንድ አሳየችንና ስድስት ወሩ ገና መሆኑን አስታወሰችን። የብረት ኪኒኑን እየዋጠች፣ ምስሩንና ጎመኑን እየበላች የፊቷ ቀለም ተመለሰ፤ መስከረም ላይ የሱቄን ደረጃዎች ሳትቆም ወጥታ፣ ያመጣችልኝን የገብስ ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ አንዲት ባለጉዳይ ማመልከቻዋን እስክጨርስላት ድረስ በወሬ ያዘችልኝ። ጥቅምት ላይ ነጠብጣቡ ቀረ። ኅዳርም አልመጣም። እሷ ግን ቶሎ አላመነችም፤ አንድ ወር ጨምራ ጠበቀች።

ታኅሣሥ ውስጥ በአንድ እሑድ ገባች። ከባሏ ጋር ቆረበች። ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ዓይኖቿን ብቻ አየሁ። እነሱ በቁኝ።

ምርጫ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ሉፑ ከኪኒኑ ይበልጣል አልልም፤ ለእናቴ የተስማማው ለሌላዋ ላይስማማ ይችላል። ሁለት መድኃኒት ሲሰጣችሁ የእያንዳንዱን ሥራ ጠይቁ፣ ያልገባችሁን አስደግሙ፤ አንዱን ትታችሁ ሌላውን አትዋጡ። የምትጾሙ ወይም የምትቆርቡ ከሆነ ለሐኪማችሁ ሳታፍሩ ንገሩ፤ ሰዓቱ ይስተካከላል። በማረጥ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰሱ «የዕድሜ ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ አስመርምሩት። ለሰው የምትጽፉም፣ ምክንያቱን ጻፉ፤ ቦታ ቢፈጅም።

ያቺን ወጣት ዶክተር፣ ስማቸውን ያላወቅናቸውን ደም የለገሱ ሰዎች፣ እናቴን በነጠላቸው ጋርደው የተሸከሟትን የአጥቢያችንን ሴቶች አመሰግናለሁ።

በቆረበች በሁለተኛው ሳምንት ከቅዳሴ ወጥተን ስንሄድ ደጅ የቆመች አንዲት ጎረቤታችን የእናቴን ነጠላ ያዘች።

«እትዬ አፀደ፣ ምን አግኝተው ነው የዳኑት? ጠበል ነው?»

«ጠበሉንም ጠጥቻለሁ። ደሙን ያቆመልኝ ግን ሉፕ ነው።»

ሴትዮዋ ግራ ቀኟን አየች። «ውይ! የመምሬ ሚስት ሉፕ?»

«ታዲያስ! የመምሬ ሚስት ማኅፀን የላትም?»

እናቴ ድምፅዋን አልቀነሰችም። ደጅ የቆሙት ሌሎች ሁለት ሴቶች ሰምተው ዞሩ። ማንም አልሳቀም። አንደኛዋ ቀረብ አለችና ዶክተሯ በየትኛው ቀን እንደምትገኝ ጠየቀቻት።