ጭስ ያልነበረው ምድጃ

ሕመሙ የጀመረኝ ከጆሮ ግንዴ ነው። ሁለቱንም ወገን ሰው በአውራ ጣቱ እንደሚጫነው ዓይነት። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ የጉልበት መክዳት። የመጀመሪያ ልጄን፣ ሴት ልጅ፣ ከወለድኩ ገና ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ጊዜው በጃንሆይ ዘመን፣ ወሩ ነሐሴ፣ አገሩ ሱሉልታ ነው። የሱሉልታን ክረምት ያላየ ሰው ካለ፣ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን ከሜዳው አይነሳም፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል።

የምንኖርበት ቤት ጣሊያን ሠርቶት የሄደ የድንጋይ ቤት ነበር። በትልቁ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ማገዶ የሚነድበት ሰፊ የእሳት ቦታ አለ፤ ከላዩ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ጣሪያውን አልፎ ይወጣል። ማንም አይጠቀምበትም ነበር። እኔ ሳረግዝ ባሌ ታፈሰ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የብረት የከሰል ምድጃ ይዞ መጣ። ፈረንጁ ቧንቧው ከጣሪያ በላይ መድረስ አለበት ብሎታል። ይህን ታፈሰ ራሱ እየሳቀ ነገረን።

«ጭስ ማውጫ እያለ ሌላ ጭስ ማውጫ ምን ያደርጋል?» አለ።

ምድጃውን ከእሳቱ ቦታ ፊት አቆመው። አጭሯን ቧንቧ ወደ ውስጥ ሰደዳት፤ የቀረውን ክፍተት በቆርቆሮና በጭቃ መረገው። ወደ ላይ ያለውን መንገድ አላየም። ከሰል ደግሞ ከቀላ በኋላ አይጎዳም፣ ጭስ ከሌለው ክፋት የለውም ብለን ሁላችንም እናምን ነበር። ምድጃው አይጨስም። ለዚህም ተመሰገነ።

እትዬ አስካለ የታፈሰ ታላቅ እህት ነበረች። ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ አልልም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ ይልቁንም እኛ ከእሷ ጋር እንኖር ነበር። ስወልድ አልጋዬን ምድጃው ወዳለበት ትልቅ ክፍል አስገባችው፤ እነሱ በየክፍላቸው ያድሩ ነበር። አራስ ብርድ እንዳይነካት በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፤ ይህ የሁሉም ቤት ወግ ነው። ራሴን አመመኝ ስላት «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ አሽታ አሸተተችኝ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈች፣ ከሰል ጨመረች። በማግስቱ ባሰብኝ። እንደገና ጨርቅ፣ እንደገና ከሰል።

አንድ ነገር ግን አስተውዬ ነበር። ሽንት ቤት ስሄድ፣ ከቤቱ ጀርባ ራቅ ያለ ነው፣ ራሴ ይቀለኛል። ስመለስ ይጀምረኛል። ይህን ተናገርኩ። ባልናገር ይሻለኝ ነበር።

«ሽንት ቤት ስትደርስ የሚለቃት በሽታ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች እትዬ አስካለ፣ ለጥየቃ ለመጡት ሴቶች። «እኛ ስንወልድ ሽንት ቤቱም አልነበረ፣ በሽታውም አልነበረ።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ሥራ እንዳትጀምር ነው እቴ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ፖፖ አስገቡልኝ፤ ውጭ መውጣቴ ቀረ። የሰፈሩ መርፌ ወጊ ድሬሰርም ተጠርቶ መጣ። በዚያ ክፍል የቆየው መርፌ እስኪወጋኝ ነው። «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሙቀት አይለያት» ብሎ ሄደ።

ሙቀት አልተለየኝም።

ዝናብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ አስካለ ምድጃውን ሞላች። በሩን ዘግታ ወደ ጎረቤት ለቅሶ ሄደች። ልነሳ ብዬ እግሬ እንቢ አለኝ። ልጠራ ብዬ አፌ አልታዘዘኝም። ልጄ አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ የለሁም።

የነቃሁት ግቢው ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ነው። ዝናብ ፊቴን ይመታኛል። ሴቶች ይጮሃሉ። ልጄ ሞታለች።

«ተጭናት! ተኝታ ተጭናት!» ይላል የእትዬ አስካለ ድምፅ።

መጀመሪያ ወደ ቤት የገባችው እሷ ናት። ከእናቷ ክንድ ሥር አወጣኋት አለች። ማን ይጠይቃታል? እኔ ስሜን እንኳ መናገር አልችልም ነበር። ልጄን ያጠቧት ሴቶች «ከንፈሯ ቀልቶ፣ የተኛች እኮ ነው የምትመስለው» ሲባባሉ ሰማሁ። ክርስትና አልተነሳችምና ያለ ፍትሐት ተቀበረች። እኔ የምጠራት ስም ነበራት። እዚህ አልጽፈውም።

እጄ መንቀጥቀጡን፣ ሰው መርሳቴን ሲያይ ታፈሰ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰደኝ። ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ አልቸኮለም። ቤታችን በምን እንደሚሞቅ ጠየቀ። ታፈሰ ስለ ምድጃው በኩራት ነገረው። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ውጭ ስትወጪ ይሻልሽ ነበር?» አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳቅብኝ ተጠየቅሁ። ራሴን ነቀነቅሁ።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል» አለ። «ከከሰል የሚወጣ ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አንጎልንም ልብንም ይጎዳል። ሕፃን ቶሎ ይሸነፋል።»

«ተጭኛት ነው?» አልኩት። ቃሉን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

«የገደላት ጋዙ ነው። አንቺንም ሊገድልሽ ጥቂት ቀርቶት ነበር» አለ። ወደ ታፈሰ ዞረ። «እርስዎ ዛሬውኑ ጣሪያ ላይ ይውጡና የጭስ ማውጫውን ጫፍ ይዩ።»

ቤት እንደተመለስን ታፈሰ ጣሪያው ላይ ወጣ። እኔ ከታች ቆሜ አያለሁ፤ እትዬ አስካለም ከአጠገቤ ናት። የጭስ ማውጫው ጫፍ በቆርቆሮ ተከድኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። ባለፈው ክረምት ዝናብ ገብቶ ምንጣፏን ስላበላሸባት ሰው አስወጥታ ያስከደነችው ራሷ ናት። ምድጃው ሲተከል ይህን ትንፍሽ አላለችም። ታፈሰ ቆርቆሮውን ወደ ግቢው ወረወረው። እሷ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይህስ ለዶሮ ቤት ይሆናል» አለች።

ታፈሰ ወርዶ እጁን ታጠበ። ዶክተሩ ያለውን ለጎረቤት እንዲናገርልኝ ለመንኩት። «እህቴ እንደ እናቴ ናት፤ የሞተው ሞቷል» አለኝ። እኔ ልናገር ስል ደግሞ «አእምሮዋ ገና አልተመለሰም» ይል ነበር። ስለዚህ በሱሉልታ ልጄን ተኝቼ የገደልኩ ሴት ሆኜ ቀረሁ። ከሁሉ የከፋው፣ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። የዚያን ቀን ነገር ከራሴ ውስጥ ተጠርጎ ወጥቷል። ጋዝ ነው ቢባልም፣ ከክንዴ ሥር ወጣች የሚለው ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ነበር።

መዳኔ ቀስ ያለ ነበር፤ የመዳኔም ምክንያት ከድሬሰሩ መርፌ ይልቅ አዴ ጫልቱ የምትባል ጎረቤታችን ናት፤ ከብት የምታረባ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታ ሴት፣ በየጠዋቱ በራችን ላይ ቆማ «አካም ቡልቴ?» ብላ እንዴት እንዳደርኩ የምትጠይቀኝና መልሴን ሳትጠብቅ ክንዴን ይዛ «ኮቱ፣ ነይ እንሂድ፤ ሰውም እንደ እህል ነው፣ ካልተሰጣ ይነቅዛል» እያለች ወደ ሜዳው የምትወስደኝ። መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ኋላ እስከ ወንዙ፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ከብቶቿ እስከሚግጡበት ድረስ እንሄድ ነበር፤ እሷ የየላሟን ስም በኦሮምኛ ትነግረኛለች፣ ስመለስ እንዳስታውስ ትጠይቀኛለች፣ ስሳሳት «አንቺን ከመሸጥ ላሚቷን መሸጥ ይበልጥ ይቆጨኛል» እያለች ትስቅብኛለች፤ የእሷ ሳቅ ግን አያቆስልም ነበር።

ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ አዴ ጫልቱ አዲስ የተወለደ ጥጃ አቅፋ ፀሐይ ወዳለበት ስታዛውረው አየሁ፤ ያኔ ያ ከሰዓት በኋላ ተመለሰልኝ። እትዬ አስካለ ወደ ለቅሶው ከመሄዷ በፊት አልጋዬ ላይ ጎንበስ ብላለች። ልጄን ከጎኔ ታነሳለች። «እሳቱ ጋ ትሙቅ» ትላለች። ከምድጃው አጠገብ ቅርጫት ውስጥ ታስተኛታለች። ክንዴ ባዶ ነበር። ሜዳው ላይ ተቀመጥኩ። ለታፈሰ ስነግረው «ሕልም ነው» አለኝ።

በኋላ ቡራዩ ገባን፤ ሌሎች ልጆች ወለድኩ። በየወሊዱ ለጥየቃ የሚመጡ ሴቶች ጆሮዬ ላይ «አደራ፣ አብረሽ እንዳታስተኛ» ይሉኝ ነበር። ወሬው ቡራዩም ደርሷል። ስለ ታፈሰ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የልጆቼ አባት ነው።

ሱሉልታ የቀረችው እትዬ አስካለ ሸምግላ ስትታመም ላከችብኝ። ሄድኩ። የነፍስ አባቷ ወጥተው እየሄዱ ነበር፤ ሴቶቹ ሳሎን ተቀምጠዋል።

«ይቅር በይኝ» አለችኝ።

«ልጄን ከየት ነው ያነሷት?» አልኩ።

ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች። ከዚያ በቀስታ «ከምድጃው አጠገብ» አለች።

«በሩን ልክፈተው። ይህንኑ ለሴቶቹ ይንገሩልኝ፤ ይቅር እላለሁ።»

«ስሜን?» አለች፣ በመገረም። «በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ላጥፋ?»

ሻርፔን አስተካክዬ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ሞተች። ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ አላለቀስኩም። ይህን የምጽፈው በሩን ራሴ ለመክፈት ነው።

ያን ዶክተር አመሰግናለሁ፤ ስሙን ለማወቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም። አዴ ጫልቱን እግዚአብሔር በገነት ያኑርልኝ።

ለእናንተ ደግሞ፣ ቤታችሁ አራስ ላለችባችሁ፣ ይህን እላለሁ። አሮጌ ጭስ ማውጫ ስላለ ብቻ ምድጃ አትትከሉበት፤ ቧንቧው እስከ ላይ ይውጣ፣ ጫፉም ክፍት መሆኑን ዓይናችሁ ይየው። ከሰል ቀላ፣ ጭስ የለውም ብላችሁ አትመኑ። ራሷን ያመማት ሴት ደጅ ስትወጣ የሚሻላት ከሆነ አትሳቁባት፤ ልጇን አቅፋ ትውጣ፣ እሳቱ ይጥፋ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ብርድ ይመታታል የሚሉ ይኖራሉ። ይምታት። ብርድ የሚያመጣው ሳል ነው። ሳል ይድናል።